ከኋላ የሚገፋ፣ ከፊት የሚመራ

ለፊዚክስ፣ ለሒሳብና ለታሪክ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ንባብ፦ የ1980ዎቹ የአሜሪካ ኩፔ መኪኖች



ባለፈው ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የፊዚክስ ደብተሩን ይዞ ወደ ቢሮዬ ተላከ። ጥፋቱ በደብተሩ ውስጥ ከፊዚክስ ይልቅ የመኪና ሥዕል መብዛቱ ነበር። ገጹን ስገልጥ አፍንጫው የረዘመ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ሁለት በር ብቻ ያለው ጥቁር መኪና አየሁ። ከፊት ለፊቱ ቀይ መብራት ተሥሎበታል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቅጣቱን ይጠብቃል። እኔ ግን መኪናውን ዐወቅሁት። ልጁ ከመወለዱ ከሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ የተሠራ ፖንቲያክ ፋየርበርድ ነው፤ ከ1982 እስከ 1986 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረው «ናይት ራይደር» በተባለ ተከታታይ ፊልም ውስጥ እንደ ሰው የሚናገረው መኪና። ልጁ በስልኩ አይቶት ኖሯል።

«ይሄ መኪና የሚሄደው በየትኞቹ ጎማዎች ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«በአራቱም ነዋ ቲቸር፤ አራቱም ይዞራሉ» አለኝ።

«አራቱም ይዞራሉ፤ የሚገፉት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። የትኞቹ ናቸው? ለምንስ እነሱ ሆኑ?»

ዝም አለ። መኪናውን በፍቅር ሥሎታል፤ እንዴት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። ቅጣቱ ይህን አጥንቶ መምጣት እንዲሆን ተስማማን። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ውይይት ነው። ለእነዚህ መኪኖች ፍቅር ያለኝ እኔም ስለሆንሁ፣ ለልጁ የሰጠሁትን የቤት ሥራ እኔም አብሬው ልሥራ ብዬ ጀመርሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ኩፔ ምንድን ነው? ኃይሉስ በየት ያልፋል?

«ኩፔ» የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም «የተቆረጠ» ማለት ነው። ድሮ በፈረስ ለሚሳብ፣ አጠር ብሎ ለተሠራ ሠረገላ የተሰጠ ስም ነበር። ዛሬ ሁለት በር ያለውን፣ ጣሪያው ወደ ኋላ ተዳፍቶ የሚወርደውን የቤት መኪና እንጠራበታለን።

እኛ የምንነጋገርባቸው መኪኖች ሞተራቸው ከፊት፣ የሚገፉት ጎማዎች ደግሞ ከኋላ ናቸው። ኃይሉ የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። ሞተሩ የሚያዞረው ኃይል በፍሪሲዮን በኩል ወደ ካምቢዮ ይገባል። ከካምቢዮ በመኪናው ሆድ ሥር በሚያልፍ ረጅም የብረት ዘንግ ወደ ኋላ ይሄዳል። እዚያ ዲፍረንሻል ተቀብሎ አቅጣጫውን በ90 ዲግሪ ያዞረውና ለግራና ለቀኝ ጎማ ያካፍለዋል። መኪና በኩርባ ላይ ሲዞር የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደውም ይኸው ዲፍረንሻል ነው።

ይህን ለማየት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። ወላጆቻችሁ በአዲስ አበባ የተሳፈሩባት ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲ ከኋላ ትገፋ ነበር። እዚህ ኬንያ ለብዙ ዓመታት አገር አቋራጭ መንገደኛ ያመላለሰው ፔጆ 504 ከኋላ ይገፋ ነበር። በየቀኑ የምትሳፈሩበት የሃይስ ሚኒባስም እንዲሁ ነው። ነገ ጠዋት ቆሞ ስታዩት ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ ተመልከቱ፤ ዘንጉን ታገኙታላችሁ።

ከኋላ መግፋት ጥቅሙ ምንድን ነው? ወደ ጊኮምባ ገበያ የሚሄደውን የእጅ ጋሪ፣ ምኮኮቴኒውን አስቡ። ሸክሙ ሲከብድ አንዱ ከፊት ሆኖ ይመራል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል። አንድ ሰው ብቻውን እየጎተተም እየመራም ከሆነ ኩርባ ላይ ይቸገራል። ጎማም እንደዚሁ ነው፤ መሬት የሚይዝበት አቅም የተወሰነ ነው። ከፊት በሚጎትት መኪና የፊት ጎማዎች ሁለቱንም ሥራ ይሠራሉ። ከኋላ በሚገፋው ግን የፊቶቹ ይመራሉ፣ የኋላዎቹ ይገፋሉ። ሥራው ተከፋፍሏል።

2. ዘመኑ ምን ይመስል ነበር?

በጥቅምት 1973 የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ለአሜሪካ ነዳጅ መሸጥ አቆሙ። በየማደያው ረጅም ሰልፍ ሆነ። በ1974 መንግሥት በመላ አገሪቱ የፍጥነት ወሰኑን በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አደረገው። በ1975 ደግሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ የሚሸጣቸው የቤት መኪኖች በአማካይ ምን ያህል ነዳጅ መቆጠብ እንዳለባቸው የሚደነግግ ሕግ ወጣ። ለ1978 ሞዴሎች አማካዩ በጋሎን 18 ማይል፣ ለ1985 ሞዴሎች 27.5 ማይል እንዲሆን ታዘዘ። በእኛ መለኪያ በአንድ ሊትር ከ7.7 ኪሎ ሜትር ወደ 11.7 ኪሎ ሜትር ማሳደግ ማለት ነው። በ1979 የኢራን አብዮት ሲፈነዳ ነዳጅ እንደገና ተወደደ።

መሐንዲሶቹ ያገኙት መፍትሔ ከፊት የሚጎትት ትንሽ መኪና ነበር። ሞተሩን በአግድም አስቀምጦ፣ ካምቢዮውን ከጎኑ አድርጎ፣ የፊት ጎማዎችን በቀጥታ ማዞር ይቻላል። ረጅሙ ዘንግ ይቀራል፤ መኪናው ይቀልላል፤ ውስጡ ይሰፋል። የሞተሩ ክብደት በሚጎትቱት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ በበረዶና በጭቃ ላይ በቀላሉ ይነሣል። ጄኔራል ሞተርስ በ1979 ሼቭሮሌ ሳይቴሽንን፣ ክራይስለር ለ1981 «ኬ» የሚባሉትን መኪኖች ይዘው ወጡ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ፊት ጎማ አዞሩ።

ታዲያ ከኋላ የሚገፉት ኩፔዎች ለምን ያኔውኑ አልጠፉም? ብዙ ጊዜ የማይነገረውን ምክንያት ልንገራችሁ፤ ሕጉ የጠየቀው አማካይ ነበር። ፋብሪካው ብዙ ቆጣቢ መኪኖች ከሸጠ ጥቂት ነዳጅ የሚጠጡትንም መሸጥ ይችላል። የእነዚህ ኩፔዎች ወዳጆች ትንንሾቹን የፊት ጎማ መኪኖች ይንቋቸው ነበር፤ እውነቱ ግን ኩፔዎቹን በጀርባቸው አዝለው ያሻገሯቸው እነዚያ የተናቁት ናቸው። ይህን ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያዙት፤ በመጨረሻው ጥያቄ እንመለስበታለን።

3. ሦስት መኪኖች

ፎርድ ማስታንግ። በ1979 ሞዴል አዲስ አካል ለብሶ የወጣው ማስታንግ የተሠራው «ፎክስ» በተባለው መሠረት ላይ ነው፤ ይኸውም መሠረት ለ1978ቱ ተራ የቤተሰብ መኪና ለፌርሞንት የተዘጋጀ ነበር። ወጪው ስለቀነሰ ዋጋውም ለወጣት ሠራተኛ የሚቀመስ ሆነ። በነዳጁ ችግር ምክንያት በ1980 እና በ1981 ትልቁ ሞተር ተነሥቶ ባለ 4.2 ሊትር ተተካ፤ ጉልበቱ 120 ፈረስ ገደማ ብቻ ነበር። በ1982 ባለ 8 ሲሊንደሩ 5.0 በ157 የፈረስ ጉልበት ተመለሰ። በ1983 175፣ በ1985 210 ደረሰ። በ1986 ካርቡራተሩ ቀርቶ ነዳጅ በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚረጭበት ዘዴ ገባ፤ በ1987 ጉልበቱ 225 ሆነ። በአምስት ዓመት ውስጥ የሞተሩ መጠን ምንም ሳይጨምር ጉልበቱ ከ40 በመቶ በላይ አደገ። ያደገው አየርንና ነዳጅን በትክክል መለካት ስለተቻለ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳብ ለሚወድ ተማሪ አንድ ጨዋታ አለ። «5.0» የሚለው ጽሑፍ በመኪናው ጎን ላይ ተለጥፏል። እውነት 5 ሊትር ነው? የሲሊንደሩ ስፋት 10.16 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ፒስተኑ የሚጓዘው 7.62 ሳንቲ ሜትር ነው። የክቡን ስፋት በጉዞው፣ ከዚያም በ8 ሲሊንደር አባዙት። መልሱ 4,942 ሳንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህም 4.9 ሊትር ነው። ፋብሪካው ወደ ላይ አጠጋግቶታል። በጎን ላይ የተጻፈውን ሁሉ ከማመን በፊት ማስላት ደግ ነው።

ሼቭሮሌ ካማሮና ፖንቲያክ ፋየርበርድ። እነዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች በ1982 አዲስ ሆነው ወጡ፤ እስከ 1992ም ቆዩ። ቀድሞ ከኋላ ባሌስትራ ነበራቸው፤ አሁን በሞላ ተተካ። መስታወታቸው እጅግ የተዳፋ፣ አየርን በቀላሉ የሚሰነጥቁ ነበሩ። መልካቸውን ያየ ሁሉ ኃይለኛ ይመስሉታል። ነገር ግን የ1982ቱ ካማሮ በጣም ርካሹ ዓይነት ባለ 4 ሲሊንደር ሆኖ 90 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። በመልኩ የተማረከ ገዢ አንበሳ ገዛሁ ብሎ ድመት ይዞ ይገባ ነበር። ኋላ ግን ይህም ተሻሻለ፤ በ1985 የወጣው ካማሮ አይሮክ-ዚ በነዳጅ መርጫ ሞተሩ 215 ደረሰ።

ቢዩክ ግራንድ ናሽናል። የሦስቱ አስገራሚ ይህ ነው። ቢዩክ የሽማግሌዎች መኪና ሠሪ ተብሎ የሚታወቅ ነበር። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር 3.8 ሊትር ነው። የዚህን ሞተር ታሪክ ስሙ። ዘሩ በ1962 ሞዴል የወጣ ነው። ነዳጅ ርካሽ በነበረበት ዘመን ግን ትንሽ ሞተር የሚፈልግ ጠፋና፣ በ1967 መሥሪያው ሁሉ ለጂፕ ሠሪዎች ተሸጠ። የነዳጁ ችግር ሲመጣ፣ በ1974 መልሰው ገዙት። ንቀው የሸጡትን ዕቃ በቸገራቸው ጊዜ አንኳኩተው አመጡት።

በዚህ ሞተር ላይ ተርቦ ጨመሩበት። ተርቦ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በማርሚታ በኩል ሊወጣ የነበረው የተቃጠለ ጋዝ አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ያዞራል፤ እሷ ደግሞ ንጹሕ አየር አምቃ ወደ ሞተሩ ታስገባለች። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ይሳሳል። ስለዚህ በ1986 የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ተጨመረ። አየሩ ሲቀዘቅዝ ብዙ ኦክስጅን በትንሽ ቦታ ይገባል፣ ብዙ ነዳጅም ይቃጠላል። በ1984 200 የነበረው ጉልበት በ1986 235፣ በ1987 245 ሆነ። ከ1984 ጀምሮ ግራንድ ናሽናል በጥቁር ቀለም ብቻ ይሸጥ ነበር። በ1987 ለመሰናበቻ «ጂኤንኤክስ» የተባለ ልዩ ዓይነት 547 ብቻ ተሠራ፤ በይፋ የተነገረው ጉልበቱ 276 ነበር። ለ1988 ሪጋል የተባለው የቢዩክ መኪና ወደ ፊት ጎማ ሲዛወር የግራንድ ናሽናል ታሪክ አበቃ።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚያስቅ ነገርም ነበር። ፍጥነትን ለመገደብ ሲባል የፍጥነት መቁጠሪያዎች ከ85 ማይል፣ ማለትም ከ137 ኪሎ ሜትር፣ በላይ እንዳያሳዩ ታዝዞ ነበር። ትእዛዙ ብዙ ሳይቆይ ተነሣ፤ ልማዱ ግን ቀረ። 225 የፈረስ ጉልበት ያለው የ1987 ማስታንግ ሰሌዳው 85 ላይ ያበቃ ነበር። መርፌው ቆሞ መኪናው ይቀጥላል።

ጉድለታቸውንም አልደብቅም። ውስጣቸው ያለው ፕላስቲክ በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ በሮቻቸው ረጅምና ከባድ ስለሆኑ ማጠፊያቸው ይላላል፤ ከኋላ ያለው አንድ ወጥ ብረት በሆነ ዘንግ ላይ ሁለቱም ጎማዎች ስለተያያዙ አንዱ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውም ይደነግጣል። ግን ያ ዘንግ ጠንካራና ርካሽ ነው፤ ሲበላሽ ማንም መካኒክ ያበጀዋል። ወዳጆቻቸው የሚሏችሁ ይህን ነው፦ ኮፈኑን ስትከፍቱ ሞተሩ ይታያል፣ ካንዴላውን በእጃችሁ ትፈታላችሁ፣ የቱ ከየት እንደሚሄድ በዓይናችሁ ትከተላላችሁ። በኮምፒዩተር ዘመን መግቢያ ላይ ቆመው፣ ግማሹ ከአሮጌው ግማሹ ከአዲሱ የሆኑ መኪኖች ናቸው።

4. ክብደት ወዴት ይሄዳል?

አሁን ወደ ልጁ የቤት ሥራ እንምጣ። ማታቱ በድንገት ሲነሣ የቆመ ሰው ወደ ኋላ ይንገዳገዳል። መኪናውም እንደዚያው ወደ ኋላ ይደገፋል። ከፊት ጎማዎች ላይ ክብደት ይነሣና በኋላዎቹ ላይ ያርፋል። መጠኑን እንዲህ እናሰላዋለን፦ የመኪናውን መጠነ ቁስ በፍጥነት ጭማሪው እናባዛለን፤ ውጤቱን የክብደቱ ማእከል ከመሬት ባለው ከፍታ እናባዛለን፤ ከዚያም በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ባለው ርቀት እናካፍላለን።

ለልምምድ 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኩፔ እንውሰድ። ቆሞ ሳለ 798 ኪሎው ከፊት፣ 602 ኪሎው ከኋላ ያርፋል እንበል። የክብደቱ ማእከል 0.5 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የጎማዎቹ ርቀት 2.55 ሜትር ነው፤ ይህ የዚያ ዘመን ማስታንግ ርቀት ነው።

በኃይል ሲነሣ፦ ከቆመበት በ7 ሰከንድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መኪና በየሰከንዱ ፍጥነቱን በሰከንድ 4 ሜትር ያህል ይጨምራል። 1,400 በ4፣ በ0.5 ተባዝቶ፣ ለ2.55 ሲካፈል 1,098 ኒውተን ይሆናል። ለ9.8 ብናካፍለው 112 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ከኋላ 714፣ ከፊት 686 ኪሎ ይሆናል። ሚዛኑ ተገለበጠ። አብዛኛው ክብደት አሁን በሚገፉት ጎማዎች ላይ ነው። የተጫነው ጎማ ደግሞ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል።

ቀስ ብሎ ሲነሣ፦ መንገዱ እርጥብ ስለሆነ አሽከርካሪው ጭማሪውን 1 ብቻ አደረገው እንበል። የሚዛወረው 28 ኪሎ ብቻ ነው። ከኋላ 630፣ ከፊት 770 ይሆናል። እዚህ ላይ ከፊት የሚጎትተው መኪና ይበልጣል።

ከዚህ የምንማረው አለ። በደረቅ መንገድ በኃይል ለሚነሣ ከኋላ መግፋት ይሻላል፤ በሚያንሸራትት መንገድ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ከፊት መጎተት ይሻላል። ሁለቱም ወገኖች ትክክል የሚሆኑበት ቦታ አላቸው። ክርክሩን የሚፈታው ስሌቱ ነው፤ ድምፅ ከፍ ማድረግ አይፈታውም።

5. «እግርህ ምን አደረገ?»

ይህን ስሌት በቀለም ሳይሆን በአጥንቱ የተማረ ሰው አውቃለሁ። የአጎቴ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዋሽንግተን ገባና፣ እንደ ብዙዎቹ ወገኖቻችን፣ በመኪና ማቆሚያ ሥራ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ያቆማል፣ ያወጣል። በ1991 ከደመወዙ አጠራቅሞ ከእነዚህ ከምንነጋገርባቸው ኩፔዎች አንዱን አሮጌ ገዛ። ፎቶግራፉን ልኮልኝ ለዓመታት በመጽሐፌ ውስጥ ይዤው ኖሬያለሁ። ፍቅሩም የተጋባብኝ ያኔ ነው።

በዚያው ዓመት በጥቅምት፣ ዝናብ በዘነበበት ምሽት፣ ቅጠል በረገፈበት ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ኩርባ እየዞረ ነዳጅ ረገጠ። የኋላ ጎማዎቹ ተንሸራተቱ። ደንግጦ እግሩን በአንድ ጊዜ አነሣ፤ ፍሬንም ያዘ። መኪናው ዞሮ ከመንገዱ ዳር ካለው ብረት ጋር ተላተመ። የግራ ክንዱ ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሌላ ሰው አልተጎዳም።

ለእኔ በላከው ደብዳቤ ጥፋቱን ሁሉ በመኪናው ላይ ጣለ። በኋላ ግን መኪናውን ወደ ጋራዥ ሲወስድ፣ ሽማግሌው መካኒክ ስለ መኪናው ምንም ሳይናገር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው፦ «እግርህ ምን አደረገ?» ጋሼ የሆነውን ነገረው። መካኒኩ የኋላ ጎማዎቹን በእጁ እየዳበሰ አሳየው፤ ጥርሳቸው አልቆ ለስልሰው ነበር።

አሁን በክፍል 4 ያሰላነውን አስታውሱ። ጎማው ባለቀበትና መንገዱ በረጠበበት ኩርባ ላይ ነዳጅ ሲረግጥ የኋላ ጎማዎች ከአቅማቸው በላይ ተጠየቁ። እግሩን ድንገት ሲያነሣና ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ሮጠ፤ የኋላው ቀለለ፤ ቀድሞውንም ሲንሸራተት የነበረው ጎማ መሬቱን ጨርሶ ለቀቀ። ማድረግ የነበረበት እግሩን ቀስ ብሎ ማላላት፣ ፍሬን አለመርገጥ፣ መሪውንም ኋላው ወደ ተንሸራተተበት አቅጣጫ ማዞር ነበር። ኋላው ወደ ቀኝ ከሄደ መሪው ወደ ቀኝ ይዞራል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በእርጥብ ኩርባ ላይ አለመቸኮልና ጎማ በጊዜው መቀየር ይቀድማል።

ጋሼ መኪናውን አልሸጠውም። ክንዱ ሲድን በዚያው ጋራዥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ራሱ ማበጀት ጀመረ። ሁለት ዓመት ፈጀበት። በመሀሉ የማታ ትምህርት ገብቶ መካኒክነትን ተማረ፤ ከዚያ ወዲህ የሚኖረው በዚያ ሙያ ነው። አሁንም ስንደዋወል «ወንድሜ፣ እኔን ያስተማረኝ ያ ብረት ነው» ይለኛል።

ይህን የምጽፈው ከመካከላችሁ በቅርቡ መንጃ ፈቃድ የሚያወጡ ስላሉ ነው። ፈጣን መኪና መውደድ ነውር አይደለም። ሳያውቁ መንዳት ግን የራስንም የሰውንም ሕይወት በዕጣ መስጠት ነው። ሌላም ጉዳይ አለኝ፤ ለወላጆች ነው። የእጅ ሙያ በትምህርት ለደከመ ልጅ የተተወ መጠጊያ አድርገን እንዳናይ እለምናችኋለሁ። ያ ሽማግሌ መካኒክ በአንድ ጥያቄ ያስተማረውን እኛ በአንድ መንፈቅ ባናስተምረውስ?

6. በደብዳቤ የተረፈው መኪና

በ1980ዎቹ አጋማሽ ፎርድ ማስታንግንም ወደ ፊት ጎማ ለማዛወር ወሰነ። አዲሱ መኪና ከጃፓኑ ማዝዳ ጋር ተባብረው የሚሠሩት ነበር። ወሬው በ1987 በመኪና ጋዜጣ ሲወጣ፣ የማስታንግ ወዳጆች ወደ ፋብሪካው ደብዳቤ ያጎርፉ ጀመር። ፋብሪካው ሐሳቡን ለወጠ። ከማዝዳ ጋር የተሠራው መኪና «ፕሮብ» የሚል ሌላ ስም ተሰጥቶት ለ1989 ሞዴል ወጣ፤ ማስታንግ ግን ከኋላ እየገፋ ቀጠለ። ፕሮብ የተሠራው በሚሺጋን ግዛት በፍላት ሮክ ፋብሪካ ነበር። ዛሬ ፕሮብ የለም፤ በፍላት ሮክ ግን ከ2004 ጀምሮ የሚሠራው ማስታንግ ነው።

ደብዳቤዎቹ ብቻቸውን አላዳኑትም፤ ሰዎች መኪናውን እየገዙም ነበር። መኪናውም ራሱን አሻሽሎ ነበር፤ የነዳጅ መርጫውንና ኮምፒዩተሩን ባይቀበል ኖሮ ሕጉም ገበያውም ይጥሉት ነበር። የወደዱትን ነገር ለማቆየት የሚፈልግ ሰው መጮህ ብቻውን አይበቃውም፤ ነገሩ ምን እንደሚሠራና ምን እንደጎደለው ማወቅ አለበት።

7. መደምደሚያ

ልጁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ይዞ ተመለሰ። ስሌቱን ሠርቷል፤ ነገር ግን ኒውተኑን ለ9.8 ማካፈል ረስቶ 1,098 ኪሎ ወደ ኋላ ይሄዳል ብሎ ጽፏል።

«ከፊት ያለው ስንት ነበር?» አልሁት።

«798።»

«ታዲያ ከ798 ላይ 1,098 ሲነሣ?»

ጥቂት አስቦ ሣቀ። «ቲቸር፣ መኪናው አፍንጫውን ሰማይ ላይ ሊተክል ነው!» አለኝ። እዚያው ተቀምጦ አረመው።

ዛሬም በደብተሩ ላይ መኪና መሣሉን አልተወም። መምህሩ ግን ወደ እኔ አይልከውም። አሁን ከእያንዳንዱ ጎማ ሥር ቀስት አለ፤ ከቀስቱም አጠገብ ቁጥር ተጽፏል።

የመወያያና የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ የምታዩአቸውን አምስት መኪኖች መዝግቡ። የሚገፉት ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? እንዴት ዐወቃችሁ?

2. አንድ መኪና በሊትር 15 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 9 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሁለቱም 90 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ አማካያቸው በሊትር ስንት ይሆናል? መልሱ 12 ያልሆነው ለምንድን ነው? (ፍንጭ፦ በመጀመሪያ የጠጡትን ሊትር ደምሩ።)

3. በክፍል 4 ባለው መኪና ውስጥ ሁለት ሰዎች ከኋላ ወንበር ቢቀመጡ፣ በእርጥብ መንገድ ላይ የሚገፉት ጎማዎች ይዞታ ይሻሻላል ወይስ ይቀንሳል? ምክንያቱን አስረዱ።

4. ቢዩክ የሸጠውን ሞተር መልሶ ገዛ። በቤተሰባችሁ ወይም በማኅበረሰባችን «አያስፈልግም» ተብሎ ተትቶ በኋላ የተፈለገ ዕውቀት ወይም ሙያ ካለ ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ።

መልካም የጥናት ጊዜ።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር